አዴ መዲና የማያዩት ሰሌዳ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ባለው ግቢዬ ውስጥ ከባድ ዝናብ አዘነብኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ጎረቤቴ ያሰጣችው ልብስ ደርቆ ክው ብሏል፤ በስልኬ ላይ ግን ቤቴን ጎርፍ ሊወስደው ምንም አልቀረውም። ወዲያው ኪቶ ፉርዲሳ የሚኖር፣ እኔ የማየውን ቁጥር በስልኩ የሚያይ አንድ መምህር ወዳጄ ደወለ።

«ማቴዎስ፣ እናንተ ጋ ምን ጉድ ወረደ? እዚህ እኮ ጠብታ የለም።»

ጉዱ እኔ ነበርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ለስንብት የሰጡኝን ትንሽ የቤት የአየር ሁኔታ ጣቢያ እያጠብኩ ነበር። ዝናብ መለኪያው ውስጥ ጥቂት ጠብታ በሞላት ቁጥር ወዲያና ወዲህ የምትደፋ ማንኪያ አለች፤ በተደፋች ቁጥር ቆጣሪው «ዘነበ» ብሎ ይመዘግባል። ውሃ ከማፍሰሴ በፊት ምዝገባውን ማቆም ነበረብኝ፤ ረሳሁት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ ቆጣሪውን አቁሙ» እያልኩ በሰው ላይ ስጮህ የኖርኩ ሰውዬ በገዛ ግቢዬ ተዋረድኩ። ሳቄ አልቆም አለኝ። ባለቤቴ ወጥታ ብቻዬን ስስቅ ስታየኝ «ጡረታው አናቱ ላይ ወጣ» ብላ ተመልሳ ገባች።

እውነቴን ነው፤ ጡረታ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የማነበው ነገር ሳጣ ምን እሆናለሁ እያልኩ ስፈራው ነበር። አሁን የማነበው በደጄ ነው። በየሳምንቱ የዝናብ መለኪያውን አፍ ፈትቼ ቅጠሉን አወጣለሁ፣ ሸረሪቷ ማንኪያዋ ላይ ያደራችውን ድር በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በለብታ ውሃ አለቀልቃለሁ። ሳሙና አላስነካውም፤ ሳሙና የሚተወው ስስ ነገር ጠብታውን ይዞ ያስቀረዋል። ዘይትም አላስነካውም፤ አቧራ ይጠራል። የነፋስ መለኪያውን ኩባያዎች በጣቴ አሽከርክሬ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ ከፈጨ ውስጡ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ደስታዬ ልክ የለውም።

ይህን የምጽፈው ግን በጣቢያዬ ለመኩራራት ብቻ አይደለም። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን ቁጥሬን አለቃ ተቀብሎኛል፣ ገበሬ ተቀብሎኛል፣ ለምርምር የመጣ ተማሪ ተቀብሎኛል። ያልተቀበሉኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ያልተቀበሉኝም በራሴ ጥፋት ነው። አዴ መዲና ይባላሉ። እኛ ጋ ትልቅ ሴት ስትከበር «አዴ» ትባላለች። የእኚህ ሴት እምነት ዕድሜዬን በሙሉ ሲጎድለኝ ኖሯል።

አባቴ ቡና ለቀማ ብሎ ከከምባታ ወደ ጅማ የመጣ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ጸሎትና መዝሙር እንጂ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የአየር ሁኔታ ታዛቢ ፈልገናል የሚል ማስታወቂያ ሳይ ሥራው ሰማይ እያዩ መዋል መሰለኝና ተመዘገብኩ። ፈተናውን አልፌ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ ጅማ ላይ አባ ዱራ እጅ ላይ ወደቅኩ።

አባ ዱራ የጅማ ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆባቸው ከራሳቸው የማይለይ አዛውንት ነበሩ። ከመሣሪያ ሳይጨርሱ ከሰው ጋር አይጨባበጡም። ወደ ቴርሞሜትሮቹ ቤት እየሄዱ ሳለ ያገኛቸው ሰው እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። ያ ቤት ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ነፋስ እንጂ ፀሐይ እንዳይገባው ጎኑ አዘንብለው በተደረደሩ ጣውላዎች የተሠራ፣ አራት እግር ያለው ሣጥን ነው። በሩን ይከፍታሉ፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር ያስተካክላሉ፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ትንፋሽ ቴርሞሜትሩን ያሞቀዋልና። መጀመሪያ ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር ያነባሉ፤ ቶሎ የምትሸሸው እሷ ነች። ከዚያ ሙሉውን ያነባሉ፣ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው «አካም ቡልታን?»፣ እንዴት አደሩ፣ የሚሉት። ሰውየው ብዙ ጊዜ ሄዷል።

አንድ ቀን ደፍሬ ነገርኳቸው።

«አባ ዱራ፣ ሰዎች ሰላምታ አይመልሱም እያሉ ያሙዎታል።»

«ሰውየው እስክጽፍ ይቆያል። ሙቀቱ አይቆይልኝም» አሉኝ። «ይልቅ እጅህን አሳየኝ።»

እጄን ያዩት ነበር፤ በየቀኑ። ጣቶቼን ገልብጠው ጥፍሬ ሥር ሳይቀር ይመረምራሉ። እሳቸው ቤታቸው በሳሙና ይታጠባሉ፣ ጣቢያው ሲደርሱ ደግሞ ከዝናብ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይለቃለቃሉ፣ ፎጣ አይነኩም፤ ፎጣ ቃጫ ይተዋል ብለው እጃቸውን ነፋስ ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ። ያን ጊዜ ያዛጋኝ ነበር። ሌላም ነገር ነበራቸው፤ መዝገብ ላይ አይፈቁም። የተሳሳተውን በአንዲት መስመር ሰርዘው፣ ትክክለኛውን አጠገቡ ጽፈው፣ ስማቸውን ያኖራሉ። «ስህተቱም ይነበብ» ይላሉ።

ብቻዬን የተመደብኩበት የመጀመሪያው ቦታ ሰኮሩ ነው። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ስለ ቅጹ ብዛትም እንዲሁ፤ ሁሉም በሦስት ኮፒ ነበር። ጭንቀቴ ሌላ ነበር። ከእኔ በፊት በነበረው ታዛቢ መዝገብ ላይ በጋውን ሙሉ በየቅዳሜው ጥቂት ዝናብ ተጽፏል። አለቃዬ ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጥቶ ነው የሚጽፈው ብሎ ደምድሞ ነበር። እኔ ግን ከገባሁ በኋላም ቅዳሜ ደረሰና መለኪያው ውስጥ ውሃ አገኘሁ። ሰማዩ ደመና የሚባል አላየም። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ ጠጣ ሊሉኝ አይችሉም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ገደማ ጎረቤት ያሉ እናት በትልቅ ሳፋ ልብስ ይዘው ወጡ። ከጣሪያቸው አጥሩን አሻግረው እስከ ጣቢያው ምሰሶ ገመድ ወጠሩ፤ ገመዱ ልክ በመለኪያው አናት ያልፋል። በላዩ ያልተጨመቀ ጋቢ ዘረጉበት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከመቀመጫዬ ተፈናጥሬ ተነሳሁ።

«እማማ፣ ለካ ዝናቡ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ምን አደረግሁ ልጄ? ጋቢ ነው ያጠብኩት።»

ገመዱን ሁለት ሜትር ፈቀቅ አደረግነውና የሰኮሩ ሰማይ ጠራ። ያን ቀን ከተማውን ሙሉ እየዞርኩ ለሻይ ቤቱም ለፀጉር አስተካካዩም አወራሁ። ይህ ሥራ ሰማይ እያዩ መዋል ሳይሆን ከቁጥር ኋላ ያለውን ነገር ማደን መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ፍቅርም የያዘኝ ያን ቀን ነው። በኋላ ሊሙ ላይ የንብ መንጋ ቴርሞሜትሮቹ ቤት ውስጥ ሰፍሮ፣ ባለ ቀፎው ሰውዬ «ንቦቼ ናቸው፣ ቤቱም የእኔ ነው» ብሎ ሲከራከረኝ እንኳ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። ንቡን ወሰደ፤ ቤቱን አስቀረሁ።

እንዲህ ራሴን ወድጄ ሳለሁ ነው ከአጋሮ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ የተመደብኩት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ። ጣቢያዬ ከአንድ ቡና ማጠቢያ ጎን ነበር። የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ባሉ የሽቦ አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አየሩ ሲረጥብ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ሲደርቅ ይገለጣል። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለምን የአየሩን ርጥበት በየቀኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ በር ላይ አልሰቅልላቸውም? የማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ በደስታ ተቀበለኝ። ቁጥሩ ከሰባ አምስት በመቶ በላይ ከሆነ ይሸፈን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ይገለጥ ብሎ አዘዘ። ሰሌዳዋን ራሴ ጥቁር ቀባኋት። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ቆሞ ሲያነባት ደረቴ ይነፋ ነበር።

የአልጋዎቹ ኃላፊ አዴ መዲና ነበሩ፤ በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። የእሳቸው መለኪያ ጆሯቸው ነው። ከአልጋው አንድ እፍኝ ዘግነው ጆሯቸው ሥር ያንኳኳሉ፤ ከድምፁ ስንት ቀን እንደቀረው ይናገራሉ። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው ያረጋግጣሉ። ሰሌዳዬን በትህትና ያነቡልኝ ነበር፤ ከጆሯቸው ጋር እስከተስማማ ድረስ።

ቡናው በገፍ በሚገባበት ሰሞን አንድ ጠዋት ጭነቱ በዛና ያለነው ሁሉ ተረባረብን። እኔም ቀዩን እሸት ቡና በእጄ እየዛቅሁ፣ እግረ መንገዴን ጣፋጩን ልጣጭ እየመጠጥኩ ስሸከም አረፈድኩ። ሦስት ሰዓት ሞላ። የንባብ ሰዓቴ ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ የእርጥቡን ቴርሞሜትር ጨርቅ የምቀይርበት ቀን ነበር። ሮጥኩ። እጄን ለመታጠብ የቀረበኝ ቡናው የታጠበበት ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነበር፤ እዚያው ተለቃለቅኩ። የዝናብ ውሃ ያጠራቀምኩበት ጄሪካን ቤት ስለነበር የጨርቁንም ኩባያ ከዚያው ቦይ ሞላሁት። ውሃ አይደለም? አልኩ ለራሴ። አባ ዱራ ቢያዩኝ በቆሙበት በወደቁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጫፉ በእርጥብ ስስ ጨርቅ የተጠቀለለ። አየሩ ደረቅ ከሆነ ከጨርቁ ውሃ ይተናል፣ ቴርሞሜትሩም ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ሲራራቁ ደረቅ ነው፣ ሲቀራረቡ ርጥበት አለ። ጨርቁ ከቆሸሸ ግን ውሃው መትነን ያቅተዋል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ፀሐይ እየነደደችም ቢሆን ቁጥሩ ርጥበት ነው ይላል። የእኔ ሰሌዳ በማግስቱ ሰማንያ አለ። ከዚያም ከዚያ በላይ።

አዴ መዲና ሰሌዳው ፊት ቆመው ጠሩኝ።

«ማቴዎስ፣ ከንፈሬን እየው። ተሰነጣጥቋል። ሴቶቹ ቅቤ እየተቀቡ ነው የሚውሉት። አንተ ርጥበት ብለህ ጽፈሃል።»

«እርስዎ የሚለኩት በከንፈርዎ ነው፤ እኔ በመሣሪያ ነው። መሣሪያ አይዋሽም፣ አዴ መዲና።»

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ወላሂ ቡናው ላስቲክ ሥር እየታፈነ ነው። አንዴ ሄደህ እየው።»

አልሄድኩም። ሥራ አስኪያጁም «ሳይንስ ነው» አለና ላስቲኩ አምስት ቀን ሙሉ ሳይነሳ ቀረ። በስድስተኛው ቀን ሲገለጥ ሽታው በሩ ድረስ መጣ። ሻግቷል። ሥራ አስኪያጁ «በደንብ አላገላበጠችውም» ብሎ ጥፋቱን አዴ መዲና ላይ ጣለው፤ ከአልጋዎቹ ኃላፊነት አንስቶ መጥፎ ፍሬ ወደሚለቀምበት አዳራሽ ሰደዳቸው። ሲነገራቸው እዚያው ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

በማግስቱ ጠዋት የቴርሞሜትሮቹን ቤት ከፈትኩና ምን እንደመራኝ እንጃ ጨርቁን ነካሁት። ቆርፍዷል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ጣቴን ያዝ አደረገው። ጣቴን ወደ አፌ ወሰድኩ። ጣፋጭ ነበር። የቡና ልጣጭ ጣዕም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን ቀየርኩ፣ ኩባያውን አጠብኩ፤ ቁጥሩ ወዲያው ወደ ሃምሳ ወረደ። ከዚያም ዝም አልኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ በለቀማው አዳራሽ ሳልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ እያዞርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

በአሥረኛው ቀን አባ ዱራ ለቁጥጥር መጡ። ቴርሞሜትሮቹን አነበቡ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ጨበጡኝ። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አቆሙ።

«ሰማዩ ያው ነው፣ ነፋሱ ያው ነው። ርጥበቱ በአንድ ጠዋት ለምን ተንዶ ወረደ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቦዩን፣ እጄን፣ ጣፋጩን ጨርቅ፣ አዴ መዲናን። የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። እርሳሳቸውን አወጡና ሰጡኝ።

«የተሳሳቱትን ቀኖች ሰርዝ። ምክንያቱን ጻፍ። ስምህን አኑር።»

ጻፍኩ። ያለቀልኝ መስሎኝ መዝገቡን ስዘጋ እጄን ያዙኝ።

«ለእኔ አይደለም የምታነበው። ለእሷ ነው። በእጅህ የተበደለች ሴት እዚያ አዳራሽ ውስጥ አለች።»

በምሳ ሰዓት ሠራተኛው በር ላይ ተሰብስቦ ሳለ ሰሌዳዬ ሥር ቆሜ ያችን ገጽ አነበብኩ፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። አዴ መዲና በማግስቱ ወደ አልጋዎቻቸው ተመለሱ፤ ቡናው ግን በዝቅተኛ ደረጃ ሄደ፤ የእሳቸው አልጋ ቡና እንዲያ ተዋርዶ አያውቅም። ማታ ሊሄዱ ሲሉ አጠገቤ ቆም አሉ።

«እኔን መልሰኸኛል፣ ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ። ሰሌዳህን ግን ከእንግዲህ አላየውም።»

እዚያ ከተማ ሌላ ሁለት ዓመት ቆየሁ። በየጠዋቱ በሰሌዳዬ ፊት ያልፋሉ፤ ለእኔ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ እሷን ግን ቀና ብለው አያዩአትም። ቂም አልነበረም። ጉዳዩን ዘግተውት ነበር።

አባ ዱራ ጡረታ ሲወጡ የእጅ ምርመራቸውን እኔ ወረስኩ። ከዚያ ዘመን ተለወጠና ራሳቸውን የሚያነቡ ጣቢያዎች መጡ፤ ጨርቅ የለ፣ ኩባያ የለ፣ እርሳስ የለ። ብዙ ጓደኞቼ ተከፉ። እኔ ደግሞ እንደ አዲስ ተማሪ ሆንኩ። ከተራራ ላይ ያለ ጣቢያ በየሩብ ሰዓቱ ቁጥር ሲልክልኝ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ግን አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ፤ እነዚህም ይቆሽሻሉ፤ ቆሽሸውም ያለ ሃፍረት ይናገራሉ። እንዲያውም ሰው ስለማይጠጋቸው የባሰ። ስለዚህ ብሩሼን ይዤ ከጣቢያ ጣቢያ መዞር የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ሥራዬ ሆነ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ደንበኛ አገኘሁ። ለካ በየቤቱ ትንንሽ ጣቢያ አለ፤ መምህሩ ገዝቷል፣ እንግዳ ማረፊያው ሰቅሏል፣ ቡና አምራቹ ከአዲስ አበባ አስመጥቷል። ሰቅለው ይረሱታል። ከዚያ «ዝናብ አይቆጥርም» ብለው ይደውሉልኛል። ባለፈው የቡና ወቅትም አንዲት ሴት ደወለች። ዘይነባ እባላለሁ፣ መምህርት ነኝ፣ እናቴ ቡና የምታሰጣበት ግቢ ያቆምኩት ጣቢያ ሁልጊዜ ርጥበት ነው ይላል አለችኝ። አድራሻውን ስትነግረኝ ያቺው ከተማ ናት። የእናቷን ስም ግን አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሦስት አልጋ ሙሉ ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና፣ ተሰጥቷል። አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እፍኝ ዘግነው ጆሯቸው ሥር ያንኳኳሉ። ፊታቸውን ማየት አላስፈለገኝም።

«አካም ቡልታን፣ አዴ መዲና።»

ዞሩ።

«የሰሌዳው ልጅ።»

«አዎ። አርጅቻለሁ እንጂ እኔው ነኝ።»

«አልሀምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጠጋኙ ይሄ ነው?»

ዘይነባ ምንም አልገባትም። እኔ ጣቢያውን አየሁት። አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው የቆመው። የዝናብ መለኪያው አፍ በቅጠል ተደፍኗል፤ የሙቀትና የርጥበት መለኪያውን ከፀሐይ በሚጋርዱት ተደራራቢ ነጭ ሳህኖች መሃል ደግሞ ተርብ በጭቃ ቤት ሠርቶበታል። መለኪያው ያንን ጭቃ ነበር ሲለካ የኖረው። አዴ መዲና በርጩማ አስመጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ከእጄ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። መጀመሪያ ምዝገባውን አቆምኩ። እጄን በሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጠብኩ፣ ነፋስ ላይ አደረቅሁ። ጭቃውን በቀርከሃ ስንጥር ፈልቅቄ አወጣሁ፣ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ወለወልኩ። መለኪያዋን ውሃ አላስነካኋትም፣ በአፌም እፍ አላልኩባትም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ። ጣቢያውን ከዛፉ አውጥቼ ወደ ገላጣው ቦታ ተከልኩት፣ በውሃ ልክ አስተካከልኩት፣ ከስልኬም ጋር አገናኘሁት።

አራት ሰዓት ላይ ሃምሳ ስምንት አነበብን። አዴ መዲና ከንፈራቸውን በምላሳቸው ዳሰሱና ተነሡ። ዘይነባ ምሳ ሳትበላ አትሄድም አለችኝ። ጀንፈሉ የዓመቱ የመጨረሻ እንደሆነ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ጆንያ እንደሚገባ፣ የቤቱ ዓመት ሙሉ በእሱ ላይ እንደቆመ ያወራችኝ ምሳ ላይ ነው።

ከምሳ በኋላ ስልኬን ገልጬ አየሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት ርጥበቱ መውረድ አለበት፤ ወጥቷል፤ ሰባ ስድስት። የአየር ግፊቱ እኛ አገር በየቀኑ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነው ዝቅ የሚለው፤ ዛሬ ግን ከአሁኑ ከዚያም በታች ወርዷል። ነፋሱ አቅጣጫ ለውጧል። ዝናብ ነው፤ በበጋ መሃል፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ሳለች።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ያንኑ ቃል ነው የምላቸው። ፀሐይ አለ፣ ቁጥሩ ርጥበት ነው ይላል፣ ሸፍኑ። ከተሳሳትኩ ጀንፈሉ በጠራራ ፀሐይ ላስቲክ ሥር አልቦት ይበላሻል። ዝም ካልኩ ደግሞ ይዘንብበታል። ዝም ማለቱን አንዴ ሞክሬዋለሁ። ጣቢያው ጋ ሄጄ ሳህኖቹን እንደገና ፈታሁ፤ ንጹሕ ናቸው። መልሼ ገጠምኩ። ሰባ ዘጠኝ።

«አዴ መዲና፣ ሊዘንብ ነው። ጀንፈሉ ቢሸፈን።»

እሳቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አንድ የደመና ቁራጭ የለም። አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ ጆሯቸው ሥር አንኳኩ፣ መልሰው አፈሰሱት።

«ጆሮዬ ስለ ቡናው ይነግረኛል። ስለ ሰማዩ አይነግረኝም» አሉ። «አንተ እርግጠኛ ነህ?»

«መሣሪያው ንጹሕ ነው፤ እዚህ ተቀምጠው ሳጸዳ አይተዋል። ሰማዩን ግን ልምልልዎት አልችልም። ልሳሳት እችላለሁ።»

ዘይነባ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። ከዚያ አዴ መዲና ወደ ቤቱ ዞሩና ምራቶቻቸውን ጠሩ።

«ሃጉጋ» አሉ። ሸፍኑ።

አራት ሴቶች ላስቲኩን ጎትተው ሦስቱንም አልጋ ሸፈኑ፤ እኔም ጫፉን በድንጋይ እየያዝኩ አብሬ ሮጥኩ። ከዚያ ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሰዓት አላየሁም። ፀሐይዋ ላስቲኩ ላይ ታበራለች፤ ከሥሩ እንፋሎት መቋጠር ጀመረ። አንደኛዋ ምራት «እንግለጠው እንዴ?» አለች። አዴ መዲና «ተዪው» አሏት፤ እኔን ግን አላዩኝም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከኮረብታው ጀርባ ነፋስ መጣ፣ አቮካዶው ተናወጠ፣ ሰማዩ ከአንድ ወገን ጠቆረ። ያ ዝናብ ሲወርድ ጣሪያው እስኪያስተጋባ ድረስ ነበር። ዘይነባ እልል አለች። እኔ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ዝናብ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም።

ዝናቡ ሲያባራ አዴ መዲና የአንዱን አልጋ ላስቲክ ጫፍ ገለጥ አድርገው እጃቸውን ከተቱ፣ እፍኝ አወጡ፣ አንኳኩ። ደረቅ ነው። ወደ እኔ መጡ።

«ይህን ነገር ቤትህ ሆነህ ማንበብ ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ በስልኬ ይታየኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አነባለሁ።»

«እንግዲያው አንብበህ ደውልልኝ።»

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ደወልኩ። ስልኩ አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሱት።